ፍሬሙን ሳያበላሹ መልሶ ስለ መጠቀም

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ሠፈር ነው። ለመማሪያ ብዬ አነስተኛ የፕሮግራም ቋንቋና በሬጅስተር (ቁጥር በተሰጣቸው የዋጋ መያዣ ቦታዎች) የሚሠራ ቨርቹዋል ማሽን (የቋንቋውን ትዕዛዞች የሚፈጽም ፕሮግራም) በሲ ቋንቋ ጽፌአለሁ። ለመሞከሪያም ከድሬዳዋ ተነሥቶ በአዲጋላና በአይሻ በኩል ደወሌ ደርሶ የሚመለስን ባቡር የሚያስመስል ፕሮግራም አዘጋጀሁ። እያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ የፕሮግራም ክፍል) ሲሆን በመጨረሻው መሥመሩ ላይ ቀጣዩን ጣቢያ ይጠራል። ባቡሩ ብዙ ከተመላለሰ በኋላ ግን ስታኩ (ጥሪዎች የሚደረደሩበት ማኅደረ ትውስታ) ሞልቶ ፕሮግራሙ ይቆማል፤ ፍሬሙን (በስታኩ ላይ ለአንድ ጥሪ የሚያዘውን ቦታ) መልሼ ለመጠቀም ስሞክር ደግሞ አርጉመንቶቹ (ለፈንክሽኑ የሚተላለፉት ዋጋዎች) ይቀያየሩብኛል። መፍትሔው ምንድን ነው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ፍሬሙን መልሶ ለመጠቀም ማሰብዎ ትክክል ነው፤ የተዛባው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። የጣቢያ ፈንክሽን ቀጣዩን ከጠራ በኋላ የሚቀረው ሥራ ስለሌለ ፍሬሙ ሊቆይ አይገባውም። የስኪም ቋንቋ መስፈርት ይህን ግዴታ አድርጎታል፤ እርስዎም ማፋጠኛ ብቻ አድርገው አይዩት፤ ያለ እርሱ የባቡርዎ ፕሮግራም ሳይቆም ሊቀጥል አይችልምና።

ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ማለትም ከ5.0 እትሙ አንሥቶ፣ በሬጅስተር የሚሠራው ሉዋ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ጥሩ አርአያ ይሆንዎታል። በተራ ጥሪ ጊዜ ጠሪው ተጠሪውን ፈንክሽንና አርጉመንቶቹን በራሱ ፍሬም ላይኛው ጫፍ ተከታትለው እንዲቀመጡ ያደርጋል፤ የተጠሪው ፍሬምም ከዚያው ስለሚጀምር አርጉመንት መገልበጥ አያስፈልግም። በቴይል ኮል (የፈንክሽኑ የመጨረሻ ሥራ በሆነ ጥሪ) ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ወደ ጠሪው ፍሬም መነሻ ዝቅ ይላል።

የእርስዎ ስሕተት የተፈጠረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሬጅስተር 0 «መነሻ»ን፣ ሬጅስተር 1 «መድረሻ»ን ይዘዋል እንበል፤ የመልስ ጉዞው ሁለቱን አቀያይሮ ይጠራል። ኮምፓይለርዎ (ጽሑፉን ወደ ማሽኑ ትዕዛዞች የሚቀይረው ፕሮግራም) በቀጥታ ሬጅስተር 1ን ወደ 0፣ ቀጥሎም 0ን ወደ 1 ከገለበጠ ሁለቱም «መድረሻ»ን ይይዛሉ፤ «መነሻ» ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ኮምፓይለሩ እንደ ተራ ጥሪ ቆጥሮ ፈንክሽኑን በሬጅስተር 5፣ አርጉመንቶቹን በ6 እና በ7 ያዘጋጅ፤ የቴይል ኮል ትዕዛዙም ሲፈጸም ሦስቱን ከዝቅተኛው ጀምሮ በተራ ወደ ታች ያውርዳቸው። ዋጋው የሚወርድበት ሬጅስተር ምንጊዜም ከተነሣበት በታች ስለሆነ በዚህ አካሄድ ገና ያልተነሣ ዋጋ አይደመሰስም።

ከማውረድዎ በፊት ግን መቅደም ያለበት አንድ ሥራ አለ። የጠሪውን ሬጅስተር በአድራሻ የያዘ ክሎዠር (በውጪው ፈንክሽን ተለዋዋጮች የሚጠቀም ውስጣዊ ፈንክሽን) ካለ የሬጅስተሩ ዋጋ ወደ ሂፕ (ከስታኩ ውጪ ወዳለ ማኅደረ ትውስታ) ይገልበጥ፤ አለዚያ ክሎዠሩ በኋላ ሲጠራ የሚያነበው የሌላ ፈንክሽን አርጉመንት ይሆናል፤ ይህ ዓይነቱ ስሕተት ደግሞ ከተፈጠረበት ቦታ ርቆ ስለሚታይ ለማግኘት አድካሚ ነው። ተጠሪው ከጠሪው የበለጠ ሬጅስተር ሊፈልግ ስለሚችል የስታኩን ወሰን ይፈትሹ፤ ስታኩ ሲሰፋ በማኅደረ ትውስታ ቦታውን ሊቀይር ስለሚችልም የፍሬሙን መነሻ እንደገና ያስሉ። የመመለሻ አድራሻው ግን የመጀመሪያው ጠሪ እንዳስቀመጠው ይቆይ።

በሲ ስለጻፉ ይህንንም ይመልከቱ፦ ትዕዛዞችን የሚፈጽመው ዋና ሉፕ (ተደጋጋሚ ዙር) ለእያንዳንዱ ጥሪ ራሱን የሚጠራ ከሆነ የእርስዎ ስታክ ቢድንም የሲው ስታክ ይሞላል። ትዕዛዙ ፍሬሙን አስተካክሎ ወደዚያው ሉፕ መጀመሪያ መዝለል አለበት።

ኮምፓይለሩ ቴይል ኮልን ሲለይም ይጠንቀቅ። የጥሪው ውጤት ላይ 1 ተደምሮ የሚመለስ ከሆነ ገና ሥራ ስላለ ቴይል ኮል አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው ሉዋ 5.4 ከብሎኩ ሲወጣ መዘጋት ያለበት ተለዋዋጭ እያለ የሚደረግ ጥሪም እንዲሁ እንደ ተራ ጥሪ ይቆጠራል።

የዚህ ሁሉ ዋጋ የስሕተት ዘገባው ማጠሩ ነው፤ ደወሌ ላይ ስሕተት ቢፈጠር አይሻና አዲጋላ በጥሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ አይታዩም። በፍሬሙ መረጃ ላይ ቴይል ኮል መደረጉን የምታሳይ አንዲት ቢት ይጨምሩ፤ በሙከራ ጊዜ ደግሞ የቅርብ ጊዜ ጥሪዎችን ብቻ የሚይዝ፣ ሲሞላ በአሮጌው ላይ የሚጽፍ ልኩ የተወሰነ መዝገብ ቢያዘጋጁ የባቡሩን መንገድ መከታተል ይችላሉ።