በቀቀን ብቻውን እንዲጫወት ስለ ማለማመድ

ጠያቂያችን፣ በቀቀንዎ እርስዎ ከክፍሉ በወጡ ቁጥር እንደሚጮህና የሰቀሉለትን መጫወቻ ዞር ብሎ እንደማያይ ጽፈዋል። በዱር ያሉ ዘመዶቹ ከቀኑ ብዙውን ጊዜ ምግብ በመፈለግና በመፈልፈል ስለሚያሳልፉ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ምክንያት ቤት ተዘግቶበት የሚውልና ምግቡ በሳህን የሚቀርብለት ወፍ የሚሠራው ነገር ያጣል። ስለዚህ ጥቂት የሱፍ ፍሬ ቀለም በሌለው ወረቀት ጠቅልለው፣ መጀመሪያ እርስዎ ራስዎ ፊቱ እየፈቱ ያሳዩት። የእኔዋ አዲስ ነገር ስታይ ላባዋን ሰብስባ ወደ ጥግ ትሸሽ ስለነበር፣ መጫወቻውን ከሽቦ ቤቷ ራቅ አድርጌ ለቀናት በማስቀመጥ ነው ያላመድኳት። ሲጫወት ለ1 ደቂቃ ብቻ ይራቁና ሳይጮህ ይመለሱ፤ ሲጮህ አይሩጡለት፤ ከሁሉ የሚከብደው ይኸው ነው። የሚተረተር ገመድ ግን እግሩን ስለሚያንቀው ፈጽሞ አይስቀሉለት።