«ምን ልቀይር?» ላልከኝ ልጄ

«ጋሼ፣ የላንድክሩዘር የፊት እግር ይጮሃል። ምን ልቀይር?» ብለህ ጽፈህልኛል። ደብዳቤህ ይኸው ብቻ ነው። ድምፁ መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚጠፋ፣ መኪናውን ማን እንደሚነዳው አልነገርከኝም። በሁለት መስመር ልመልስልህ ተቀምጬ ነበር፤ ግን «ምን ልቀይር» ያልካት ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። ስለ አንድ ሰው ሳላወራህ መልሱን ብሰጥህ ጎደሎ ይሆናል።

1987 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ውስጥ በአንድ ጋራዥ እሠራ ነበር። ዕድሜዬ ሃያ ሰባት፣ እጄ ፈጣን፣ ስሜም መጠራት የጀመረበት ጊዜ ነበር። አንድ ማለዳ የአንድ እርዳታ ድርጅት ላንድክሩዘር ገባ፤ ያ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ፣ በድርብርብ የብረት ሞላ፣ የሚሄደው፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣው። ሹፌሩ ሃምሳውን የተሻገሩ፣ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ከጎናቸው የሚያስቀምጡ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ወርደው ያሉኝን ዛሬም አልረሳሁትም። «ልጄ፣ ስልሳ ሲደርስ ማጉረምረም ይጀምራል። ወደ ግራ ስጠመዝዝ ይብስበታል፤ ወደ ቀኝ ስመልሰው ዝም ይላል።»

እኔ «ማጉረምረም» ከሚለው ቃል በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ከሳምንት በፊት የተመሳሳይ መኪና ዲፈረንሻል፣ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለውን የጥርስ ሳጥን፣ ከፍቼ ጥርሱ የተሸረፈ ፒኞን የሚባል ትንሽ ማርሽ አግኝቼ ነበር፤ የጋራዡ ባለቤትም በሰው ፊት አመስግኖኛል። ስለዚህ ጎንደር ውስጥ የሚያጉረመርም መኪና ሁሉ ዲፈረንሻሉ የተበላ መሰለኝ። «ዲፈረንሻሉ ነው» አልኳቸው፤ ገና ክሪክ እንኳን ሳላስገባበት። ሹፌሩ «ጎማው አካባቢ አይመስልህም?» ሲሉኝ «ጋሼ፣ እርስዎ ይንዱ፣ እኔ ልሥራ» ብዬ መለስኩላቸው። እንዲህ ብዬ ለአባቴ እኩያ!

ዲፈረንሻሉን ለማውረድና ለመግጠም ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጥርሱ ደህና ነበር። ባዶ እጄን ላለመውጣት ኩሽኔታዎቹን፣ ዘንግ በቀላሉ የሚዞርባቸውን ባለ እንክብል ቀለበቶች፣ ቀየርኩና ዘጋሁት። እስከ አዘዞ ነዳነው። ስልሳ ስንደርስ ያው ማጉረምረም መጣ። እሳቸው አዩኝ፤ እኔ መንገዱን አየሁ። «ዕቃው አዲስ ስለሆነ ነው፤ ሲላመድ ይተወዋል» አልኩ። «እንግዲህ አንተ ካልክ» ብለው ፈርመው ወሰዱት።

በሦስተኛው ቀን ደባርቅን አልፈው ሊማሊሞን ሲወርዱ የቀኝ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ተበላሽቶ ቀለጠ። ሊማሊሞን የወረደ ያውቀዋል፤ መንገዱ በገደሉ ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ የሚወርድ ነው፤ በአንድ በኩል ግንብ የመሰለ ተራራ፣ በሌላው በኩል ባዶ አየር። ሰውየው መሪው በእጃቸው ላይ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መኪናውን ወደ ተራራው ወስደው በጎኑ እያሻሹ አቆሙት። እሳቸው ተረፉ። የረዳታቸው ክንድ ተሰበረ።

መኪናው ተጎትቶ እኛው ጋ መጣ፤ የፈታሁትም እኔ ነኝ። የውስጠኛው ኩሽኔታ እንክብሎች ሰማያዊ እስኪሆኑ ነድደዋል፤ ቀለበቱ ከአክስሉ ጫፍ ጋር ተጣብቆ በመዶሻና በመሮ ነው የወጣው። ግራሶው ጠቁሮ እንደ ከሰል ይፈረፈር ነበር። በመዳፌ ይዤው ቆሜ ሳለሁ «ወደ ግራ ስጠመዝዝ ይብስበታል» ያሉት ያን ጊዜ ገባኝ። መኪና ወደ ግራ ሲዞር ሸክሙ ወደ ቀኝ ጎማ ይጋደማል። ሰውየው የትኛው ጎማ እንደሆነ ሳይቀር ነግረውኛል እኮ!

ከዚህ የባሰው የመጣው በኋላ ነው። ድርጅቱ የጽሑፍ ምክንያት ጠየቀ። እኔም «ኩሽኔታው በግራሶ እጥረት ተቃጥሏል፤ ድምፅ እያለው ተነድቷል» ብዬ ጻፍኩ። አንዱም ቃል ሐሰት አልነበረም። ድምፁን ሰምቼ «ይተወዋል» ያልኩት እኔ መሆኔን ግን አልጻፍኩም። ሰውየው ከሥራ ተሰናበቱ።

አሁን ወደ አንተ መኪና። የፊት ጎማዎቹ መሃል ላይ በእጅ የሚዞር፣ «ሎክ» እና «ፍሪ» የተጻፈበት መቆለፊያ ካለው ሁለቱንም ወደ «ፍሪ» አዙርና በሁለት ጎማ ማርሽ ንዳው። ያን ጊዜ የፊት ሴሚያሶቹ (ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች)፣ ዲፈረንሻሉና ወደ ፊት የሚሄደው ዘንግ አብረው አይዞሩም። ድምፁ ከቀጠለ ከጎማ፣ ከጎማ ኩሽኔታ ወይም ከፍሬን አያልፍም። ከጠፋ ከዲፈረንሻሉ፣ ከክሮቼራው (ከዘንጉ መስቀለኛ መጋጠሚያ) ወይም ከሴሚያሱ ጫፍ ፈልገው። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ እኔ ሁለት ቀን የፈጀሁት ይህችን ሁለት ደቂቃ ነፍጌ ነው።

የዲፈረንሻል ጥርስ ድምፅ ነዳጅ ስትሰጠውና ስትለቀው ይለዋወጣል። የጎማ ኩሽኔታ ለነዳጁ ብዙም ግድ የለውም፤ ፍጥነቱን ይከተላል፣ መሪ ሲዞር ይከፋል ወይም ይቀላል። ጎማው ራሱ ወጣ ገባ ሆኖ ተበልቶ ከሆነ ደግሞ ከአስፋልት ወደ ኮረት ስትገባ ድምፁ መልኩን ይቀይራል። መሪው እስከ መጨረሻ ዞሮ በአራት ጎማ ሲጎትት «ቀጭ ቀጭ» ካለ በሴሚያሱ ጫፍ ያሉት ስድስት ኳሶች የሚሄዱበት ቦይ ተበልቷል ማለት ነው። ከዚያ ጎማውን አንሣና ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው። ከተነቃነቀ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥልህ፤ ፍሬን ተረግጦ መነቃነቁ ከቆመ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልቆመ ጎማው ግራና ቀኝ የሚዞርበትን የላይና የታች ኩሽኔታ ተመልከት። በደረቅ አስፋልት በአራት ጎማ እየነዱ «ያዘኝ፣ ይጮሃል» የሚሉም አሉ፤ እሱ ብልሽት አይደለም፤ ይህ ዓይነቱ መኪና በፊትና በኋላ መካከል ዲፈረንሻል ስለሌለው ሲዞር መታሰሩ ተፈጥሮው ነው። ስለ ግራሶ ዓይነትና ስለ ማጥበቂያው ዳዶ አልነግርህም፤ እሱን የማያውቅ እጁን ባያስገባ ይሻላል።

የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ። መኪናው ገና ከበር ሳይገባ ዕቃው በስልክ ታዝዟል። ኮምፒውተር ሰክታችሁ ምንም ካላሳየ «መኪናው ደህና ነው» ትላላችሁ፤ የዚህ መኪና ኩሽኔታ ሽቦ የለውም፣ ኮምፒውተሩ ከየት ያውቀዋል? ያስተማረኝ ሰው፣ ከጣሊያኖች ጋራዥ የወጣ፣ ስድስት ወር ሙሉ ኩሽኔታ በናፍጣ ከማጠብ በቀር ሌላ ሥራ አልሰጠኝም። ያኔ እርግማን መስሎኝ ነበር። የታጠበ ኩሽኔታ በጣት ቀስ ብሎ ሲዞር ጤነኛው እንደ ቅቤ ይሄዳል፤ የተበላው አሸዋ እንዳኘከ ጥርስ ይቆረቁራል። ጣቴ የለመደው እዚያ ነው። ሆኖም እውነቱን ልናገር፤ ሊማሊሞ ላይ ያ ሁሉ ሲሆን እኔ ስልክም ኮምፒውተርም አልነበረኝም፤ ስድስቱን ወርም አጥቤ ጨርሻለሁ። ችኮላው ከእኔ ነው የመጣው። ስለዚህ እናንተን የወቀስኩበትን ግማሹን መልሼ ለራሴ ወስጃለሁ።

ሰውየውን ከሰባት ዓመት በኋላ አዘዞ አገኘኋቸው። የእህል መኪና ይነዱ ነበር። ከሩቅ አይተውኝ «አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ?» ብለው ጠሩኝ፤ ቡና ጋበዙኝ። ሦስቱንም ጠጥተን ተነሣን። ስለ ልጆቻቸው አወሩኝ፣ ስለ ጎማ ዋጋ አወሩኝ። ስለዚያች ወረቀት አንድም ቃል አላነሡም፤ እኔም አላነሣሁም። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። አሁን በሕይወት የሉም።

ነገ ጠዋት የመኪናውን ሹፌር ጥራው። አንተ አትንዳ፤ እሱ ይንዳ፣ አንተ አጠገቡ ተቀመጥ። ድምፁ በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚጀምር፣ ወደየት ሲዞር እንደሚብስበት ጠይቀውና በእሱ ቃል ጻፍልኝ። ዕቃ የምናዘው ከዚያ በኋላ ነው።