ሲሙሊንክ፦ ፐልስ ጀነሬተሩ ለምን ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ያሳያል?

ጥያቄ፦ በሲሙሊንክ (የማትላብ የሲሙሌሽን ሶፍትዌር) 1 ኪሎኸርዝ፣ 25 በመቶ ዱቲ ሳይክል (ፐልሱ ከፍ ብሎ የሚቆይበት የዑደቱ ድርሻ) ያለው፣ ከ0 እስከ 5 ቮልት የሚሄድ ፐልስ ፈልጌ ፐልስ ጀነሬተር ብሎክ ላይ አምፕሊቲዩድ 5፣ ፔሪየድ 1፣ ፐልስ ዊድዝ 25 ሞላሁ። ሶልቨሩ (ሞዴሉን በጊዜ እርምጃ የሚያሰላው ክፍል) ፊክስድ ስቴፕ (እኩል እርምጃ)፣ እርምጃው 0.0001 ሰከንድ፣ ስቶፕ ታይሙ 0.005 ነው። ስኮፑ (ሲግናሉን በግራፍ የሚያሳየው ብሎክ) ላይ የሚታየኝ 5 ላይ የተዘረጋ መስመር ብቻ ነው። በግማሽ ዑደት የሚዘገይ ሁለተኛ ፐልስም ያስፈልገኛል።

መልስ፦ ብሎኩ ያዘዙትን እየሠራ ነው። ፔሪየድ የሚሞላው በሰከንድ ስለሆነ 1 ሲጽፉ ያዘዙት የ1 ኸርዝ ፐልስ ነው። ይህ ፐልስ የመጀመሪያውን 0.25 ሰከንድ 5 ላይ ይቆያል፤ ሲሙሌሽኑ ግን 0.005 ላይ ያልቃል፤ መውረዱን ሳያዩት ይቀራሉ ማለት ነው። ፔሪየዱን 0.001 ያድርጉት። እኔ ሳጥኑ ውስጥ 1/1000 ብሎ መጻፍን እመርጣለሁ፤ ድግግሞሹ ፊት ለፊት ስለሚታይ ዜሮ ሲቆጥሩ አይሳሳቱም።

ይህን እንዳስተካከሉ ሶልቨሩ ያስቸግርዎታል። ታይም ቤዝድ የሆነ (ጊዜው በሰከንድ የሚሞላ) ፐልስ ጀነሬተር በቫሪያብል ስቴፕ (እርምጃው በሚለዋወጥ) ሶልቨር የሚሰላው ውጤቱ በሚቀየርበት ቅጽበት ብቻ ነው። በፊክስድ ስቴፕ ግን እንደ ሳምፕል ቤዝድ (በእኩል የጊዜ ክፍተት እንደሚሰላ) ስለሚሠራ ፔሪየዱ፣ በሰከንድ የተሰላው የፐልስ ስፋትና ፌዝ ዲሌዩ (የፐልሱ መዘግየት) ሦስቱም ለእርምጃው ያለ ቀሪ መካፈል አለባቸው። የእርስዎ ስፋት 0.001 × 25/100፣ ማለትም 0.00025 ነው። ለ0.0001 ሲካፈል 2.5 ስለሚመጣ ሲሙሊንክ ስህተት አውጥቶ ይቆማል። እርምጃውን 0.00005 ቢያደርጉት ፔሪየዱ 20፣ ስፋቱ 5፣ የግማሽ ዑደት መዘግየቱ 10 እርምጃ ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ እርምጃውን የሚያሳንሰው ድግግሞሹ ብቻ ሳይሆን የዱቲ ሳይክሉ ቁጥር ጭምር ነው። 25ን ወደ 33.3 ቢቀይሩት ስፋቱ 0.000333 ይሆንና እርምጃው እስከ 0.000001 መውረድ አለበት፤ ስሌቱ 50 እጥፍ በዛ ማለት ነው። ትክክለኛ አንድ ሦስተኛ ከፈለጉ ፐልስ ታይፑን ሳምፕል ቤዝድ አድርገው ፔሪየድ 3፣ ፐልስ ዊድዝ 1፣ ሳምፕል ታይም 1/3000 ይሙሉ፤ የሶልቨሩም እርምጃ 1/3000 ይሁን። ግን ይጠንቀቁ፦ በሳምፕል ቤዝድ ስፋቱ የሚሞላው በሳምፕል ብዛት እንጂ በመቶኛ አይደለም። 20 ሳምፕል ባለው ፔሪየድ ላይ የድሮውን 25 ትተው ካለፉ ስፋቱ ከፔሪየዱ ይበልጣል። ለእርስዎ ፐልስ ትክክለኛው 5 ነው።

ለሁለተኛው ፐልስ ብሎኩን ኮፒ አድርገው ፌዝ ዲሌዩን 0.0005 ይሙሉ። ይህም በሰከንድ እንጂ በዲግሪ አይደለም፤ 180 ቢጽፉ ፐልሱ እስከ 180ኛው ሰከንድ ድረስ አይነሳም። የመጀመሪያውን ግልባጭ (እሱ 5 ሲሆን 0፣ 0 ሲሆን 5 የሚሆነውን) የሚፈልጉ ከሆነ ግን ማዘግየት አይበቃም፤ በ25 በመቶ የዘገየው ፐልስና ግልባጩ አንድ አይደሉም። ግልባጩን ከ5 ላይ ፐልሱን በመቀነስ ያገኙታል።

የብሎኩ ዝቅተኛ ደረጃ ሁልጊዜ 0 ነው። ከ-5 እስከ 5 ካስፈለገ አምፕሊቲዩዱን 10 አድርገው በባያስ ብሎክ -5 ይደምሩ።

ስኮፑ ላይ የፐልሱ ጎን ሰያፍ ሆኖ ከታየ ሲግናሉ አልተበላሸም፤ ስኮፑ ሁለት ነጥቦችን በመስመር አገናኝቶ ነው። በስታይል ቅንብሩ ውስጥ ፕሎት ታይፑን ወደ ስቴርስ (ደረጃ) ይቀይሩት። ስቶፕ ታይሙን 0.005 ላይ ይተዉት፤ አምስት ፐልስ በቂ ነው። በ10 ሰከንድ 10,000 ፐልስ ተጨናንቆ ስኮፑ በቀለም የተሞላ ሰሌዳ ይመስላል።

ዱቲ ሳይክሉ በሲሙሌሽኑ መሃል በሌላ ሲግናል እንዲቀያየር ከፈለጉ ይህን ብሎክ ይተዉት፤ ለስፋቱ የሚሆን የሲግናል መግቢያ የለውም። ሪፒቲንግ ሲኩዌንስ ብሎክ ላይ ታይም ቫልዩስ [0 0.001]፣ አውትፑት ቫልዩስ [0 1] ይሙሉና ከዱቲ ሲግናልዎ ጋር በሪሌሽናል ኦፕሬተር ያወዳድሩት፤ ዱቲው ከሪፒቲንግ ሲኩዌንሱ የመጋዝ ጥርስ ሲግናል ሲበልጥ 1 ይወጣል። በፊክስድ ስቴፕ የዱቲው ጥራት በእርምጃው ይወሰናል፦ በ0.00005 በ5 በመቶ ዝላይ፣ በ0.00001 በ1 በመቶ።