ስለ ማይዲ88 ጠይቁኝ

በሽታ መከላከያ ሥርዓትን በሚያጠና ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ማይዲ88 ስለሚባለው አገናኝ ፕሮቲን ሰሞኑን ብዙ ጥያቄ ስለደረሰኝ የቻልኩትን ልመልስ።

ጥ፦ አገናኝ ሲባል ምን ማለት ነው?

መ፦ እንደ አማጭ ቁጠሩት። ኢንዛይም አይደለም፤ ሥራው ማገናኘት ነው። የሕዋስ ተቀባይ ባክቴሪያ ሲነካው ማይዲ88 በአንድ ወገኑ ተቀባዩን ይይዛል፣ በሌላው አይራክ4 የተባለውን ኢንዛይም ይጠራል። በ2010 ቅርጹ ሲጠና 6 ማይዲ88፣ 4 አይራክ4 እና 4 አይራክ2 የተባለ ዘመዱ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ተደራርበው ታዩ። መልእክቱ ከዚያ ተነሥቶ ብግነት ቀስቃሽ ዘረ መሎችን ያስነሣል።

ጥ፦ ተቀባዮች ሁሉ ይፈልጉታል?

መ፦ ቶል መሰል ተቀባዮች (ቲኤልአር) ተህዋስያንን የሚለዩ የሕዋስ ተቀባዮች ናቸው፤ ከሰው ቲኤልአሮች ያለ እሱ የሚሠራው ቲኤልአር3 ነው። ኢንተርሉኪን-1 የተባለው የብግነት መልእክተኛ ፕሮቲን ተቀባይም ይጠቀምበታል።

ጥ፦ ሰው ያለ እሱ ቢወለድስ?

መ፦ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ2008 የዚህ ጉድለት ያለባቸው 9 ልጆች ታሪክ ታተመ። የሚያጠቃቸው በተለይ ኒሞኮከስ፣ ስታፊሎኮከስ እና ሱዶሞናስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ነበሩ። ክፉው ነገር፣ ኢንፌክሽኑ ሲጀምር ትኩሳታቸው ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል፤ በደም ምርመራ የሚታየው ሲአርፒ የተባለ የብግነት ምልክትም ላይጨምር ይችላል። ስለዚህ ለእነዚህ ልጆች «ሰውነቱ አይፋጅም፣ ደህና ነው» ማለት ሕይወት ያስከፍላል! ምርመራው ቀላል ነው፤ ጥቂት ደም ላይ የባክቴሪያ ቁራጭ ጨምረን ኢንተርሉኪን-6 የተባለ ሌላ የብግነት መልእክተኛ መውጣቱን እንለካለን። በእነሱ ደም እምብዛም አይወጣም። ክትባትና መከላከያ አንቲባዮቲክ ይሰጣቸዋል፤ ከጉርምስና በኋላ አደጋው በጣም ይቀንሳል።

ጥ፦ የእህቴ ልጅ ጉንፋን ይመላለስበታል፤ ይሄ ይሆን?

መ፦ እህቴ፣ ጉንፋን ብቻ ከሆነ አይመስለኝም፤ ጉድለቱ እጅግ ብርቅ ነው። ማጅራት ገትር ወይም የደም ኢንፌክሽን ከደጋገመው ግን ሐኪሙን ስለ በሽታ መከላከያ ምርመራ ጠይቂው።

ጥ፦ ካንሰር ያመጣል የሚባለውስ?

መ፦ ያ ተቃራኒው ችግር ነው። በፕሮቲኑ 265ኛ ቦታ ላይ ሉሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በፕሮሊን ሲተካ ማይዲ88 ማንም ሳይጠራው ይሰበሰባል፤ ቢ ሕዋሱም (ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራው ነጭ የደም ሕዋስ) ያለ ማቋረጥ «ኑር፣ ተባዛ» የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። በ2012 እንደታየው ዋልደንስትሮም የተባለ የቢ ሕዋስ ካንሰር ካለባቸው ከ10 ታማሚዎች 9 ያህሉ ይህ ለውጥ አላቸው። ለውጡ በዕድሜ በሕዋሱ ላይ የሚመጣ ነው እንጂ ልጅ አይወርሰውም።

ጥ፦ ታዲያ ማይዲ88ን ራሱን በመድኃኒት ማጥፋት አይሻልም?

መ፦ ሙሉ በሙሉ ብናጠፋው ታማሚውን እንደነዚያ ልጆች ለባክቴሪያ እናጋልጠዋለን። አማጭ እንጂ ኢንዛይም ስላልሆነ ደግሞ መድኃኒት የሚሸጎጥበት ምቹ ጎድጓዳ የለውም። ስለዚህ አብረውት የሚሠሩት ኢንዛይሞች ናቸው የሚያዙት። በ2015 አሜሪካ ውስጥ ለዋልደንስትሮም የተፈቀደው ኢብሩቲኒብ ቢቲኬ የተባለውን ኢንዛይም ነው የሚያግደው፤ አይራክ4ን የሚያግዱም በሙከራ ላይ ናቸው።