ቀን ደህና፣ ሌሊት ሳል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ28 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ደረቅ ሳል አልለቀኝ ብሏል። ቀን ደህና እውላለሁ። ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ግን ሳሉ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል። ቡና ሲቆላ ወይም እጣን ሲጨስ ደረቴን ጭምቅ አድርጎ ይይዘኛል። ደረጃ ስወጣም አንዳንዴ ሲር ሲር የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ሁለት ጊዜ «ብሮንካይት ነው» ተብዬ አንቲባዮቲክ ወስጃለሁ፤ ተሻለኝ ስል ይመለሳል። ሰሞኑን አንድ ሐኪም «ቀላል አስም ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ሰማያዊ ፓፍ አዘዘልኝ። እናቴ ደግሞ «ፓፍ ከለመድሽ አትላቀቂውም» ትለኛለች። እውነት አስም ነው? ፓፉንስ ልጀምር?

መልስ፦ ፊቴ ቢቀመጡ ኖሮ የምጠይቅዎትን ግማሹን ራስዎ ነግረውኛል። ሳሉ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሌሊት ይብሳል። ጭስ ይቀሰቅሰዋል። ይሄ የአስም ጠባይ ነው።

አስም ያለበት ሰው የአየር ቧንቧው ውስጡ ይቆጣል፣ ያብጣል። በዚያ ላይ ጭስ፣ አቧራ፣ ብርድ ወይም ጉንፋን ሲጨመርበት በቧንቧው ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች ይኮማተራሉ። አየሩ በጠበበው መንገድ ሲያልፍ ነው ሲር ሲር የሚለው። ጡንቻው ሲፈታ ሁሉም ሰላም ይሆናል። ለዚህም ነው ብዙ ሰው ሌሊቱን ሲያስለው አድሮ፣ ጠዋት ሐኪም ቤት ሲሄድ ደረቱ ተደምጦ «ምንም የለብህም» የሚባለው። አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ ሲር ሲር የሚባል ነገር የለም፤ ሳል ብቻ ነው።

ግን አልቸኩልም። እኛ አገር 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል አክታ ሳይመረመር አይታለፍም። በተለይ ማታ ማታ ትኩሳት፣ ልብስ የሚያርስ ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካለ የቲቢ ምርመራው ለነገ አይባልም። ቃርም፣ ሳይነስም፣ እንደ ኢናላፕሪል ያለ የደም ግፊት መድኃኒትም ሳል ያመጣሉ።

አስሙን የሚያረጋግጠው ስፓይሮሜትሪ የሚባለው የትንፋሽ ምርመራ ነው። በኃይል ይተነፍሳሉ፤ ሳልቡታሞል (ሰማያዊው ፓፍ ውስጥ ያለው መድኃኒት) ይሰጥዎታል፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይተው እንደገና ይተነፍሳሉ። በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው አየር ቢያንስ በ12 ከመቶና በ200 ሚሊ ሊትር ከጨመረ፣ ከነገሩኝ ምልክት ጋር ተደምሮ አስም ለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ደህና በሆኑበት ቀን ከተመረመሩ ግን ውጤቱ የጤነኛ ሰው ሊመስል ስለሚችል በዚያ ብቻ «የለብኝም» አይበሉ። ስፓይሮሜትሪ ካላገኙ ፒክ ፍሎው ሜትር የምትባለዋ ትንሽ ቱቦ ትበቃለች። ጠዋትና ማታ ሦስት ሦስት ጊዜ ነፍተው ትልቁን ቁጥር ለ2 ሳምንት ይጻፉ። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ሐኪምዎ ይረዳዋል።

አሁን ወደ እናትዎ ልምጣ። አልፈርድባቸውም፤ ይህን ነገር በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። ሰው ፓፍ የሚጀምረው በሽታው ከጠና በኋላ ስለሆነ፣ ጎረቤት የሚያየው ፓፉን እንጂ በሽታውን አይደለም። ፓፍ ሱስ አያስይዝም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሰማያዊው ፓፍ፣ ማለትም ሳልቡታሞል፣ ጡንቻውን በደቂቃዎች ውስጥ ይፈታል። እብጠቱን ግን አይነካውም። ቶሎ ስለሚያሽል ሰው «ድኛለሁ» ይላል፤ እሳቱ ግን ከሥር ይጤሳል። ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ ከ2019 ወዲህ አዋቂዎች ሳልቡታሞልን ብቻውን እንዳይጠቀሙ የሚመክረው ለዚህ ነው። ለቀላል አስም የሚመረጠው እብጠቱን የሚያክመው ስቴሮይድ ቡዴሶናይድና ቧንቧውን የሚከፍተው ፎርሞቴሮል አንድ ላይ ያሉበት ፓፍ ነው፤ ሕመሙ ሲመጣ ይወሰዳል። እሱ ከሌለ ቤክሎሜታዞን የሚባል ሌላ ስቴሮይድ ፓፍ ከሳልቡታሞሉ ጋር ይታዘዛል። ስቴሮይድ የሚለው ስም አያስደንግጥዎት፤ መጠኑ ትንሽ ነው፣ የሚሄደውም ወደ ሳንባ ነው። ከወሰዱ በኋላ አፍዎን ተጉመጥምጠው ይትፉ።

ስለዚህ ሰማያዊውን አይጣሉት፤ ሲያፍንዎት ይውሰዱት። ግን «እብጠቱን የሚያክመውስ?» ብለው ሐኪምዎን ይጠይቁ። በዓመት 3 እና ከዚያ በላይ ሰማያዊ ፓፍ ከጨረሱ አስሙ በቁጥጥር ሥር አልዋለም ማለት ነው።

አወሳሰዱም ቀላል አይደለም። «እስቲ አሳዪኝ» ያልኳት አንዲት ታካሚ ፓፉን አፏ ውስጥ ሁለቴ ጢስ ጢስ አድርጋ ወዲያው አወጣችው። መድኃኒቱ በከንፈሯ ጥግ እንደ ቡና እንፋሎት ሲወጣ ሁለታችንም አየነው። ስድስት ወር እንደዚያ ስትወስድ ኖራለች! ፓፉን ይነቅንቁት፤ አየርዎን ያስወጡ፤ በከንፈር ይግጠሙት፤ ቀስ ብለው መሳብ ሲጀምሩ አንዴ ይጫኑ፤ እስከ መጨረሻው ስበው 10 ሰከንድ ያህል ትንፋሽዎን ይያዙ። ካስቸገረዎት ግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ይብሱና ፓፉን ይሰኩበት፤ በፕላስቲኩ አፍ በኩል ይሳቡ። በሳሙና ውሃ ያጥቡት፣ በጨርቅ ሳይወለውሉ ይድረቅ።

ቡናውን ይጠጡ። ጠላትዎ ጭሱ ነው፤ ሌላ ሰው ውጭ ይቁላው። እንዲያውም ካፌይን ቧንቧን ትንሽ ይከፍታል፣ መድኃኒት ግን አይሆንም። እጣኑን በተመለከተ አልደራደርም፣ ይቅር። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድም እንደዚያው። ስፖርት አይተዉ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያርፉ መጨረስ ካቃተዎት፣ ከንፈርዎ ከጠቆረ ወይም ፓፉ አላሽልዎት ካለ ቤት አይቆዩ። ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሳልቡታሞሉን አንድ አንድ እያሉ ከ4 እስከ 10 ጊዜ ይሳቡ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል እየሄዱም በየ20 ደቂቃው ይድገሙ።

ለቀጣዩ ቀጠሮ ሌሊት ስንቴ እንደነቁ የጻፉበትን ደብተርና ፓፉን ይያዙ፤ ሐኪሙ ፊትም ስበው ያሳዩ። ከተቻለ እናትዎንም ይዘዋቸው ይሂዱ።