ተረከዝህ ሲላጥ ተናገር

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ክሊኒኬ መጣ። ወታደር ማሰልጠኛ ሊገባ ሦስት ቀን ነው የቀረው። «ዶክተር፣ ምን ይዤ ልሂድ?» አለኝ። ወፍራም ካልሲና ሳሙና አልኩት። ትልቅ ነገር ጠብቆ ነበር መሰለኝ፣ ዝም አለ። ወረፋው ስለበዛ በወጉ ሳላስረዳው ሄደ። ለእሱ ያልጨረስኩትን ለእናንተ ልጻፈው።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ጦርነቱ ሲጠና ትምህርት ተቋረጠና ተማሪው ለውትድርና ሥልጠና ብላቴ ካምፕ ወረደ። ብላቴ ያኔ ሲዳሞ በሚባለው ክፍለ ሀገር ያለ ቆላ ነው። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር በብርድ ላደገ ሰው ሙቀቱ ብቻውን ይበቃል። ወሎ ደግሞ ራሷ ጦር ሜዳ ስለነበረች ከቤት ደብዳቤ አይመጣም።

የመጀመሪያው ቀን ፀጉራችንን ተላጨን፣ ልብስ ተሰጠን። የእግሬ ቁጥር 40 ነው፤ የደረሰኝ ከስክስ 42። ልቀይር ብዬ አልጠየቅኩም። ሌሊት ፊሽካ ይነፋል፣ ሩጫ ነው። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ተረከዞቼ ተልጠው ደሙ ካልሲው ላይ ደረቀ። ጠዋት ሰልፍ ላይ «የታመመ ይውጣ!» ተባለ። ማን ይውጣ? ከጎኔም ከኋላዬም የሚያነክሱ ነበሩ። ሁላችንም ቀጥ ብለን ቆምን።

ሃምሳ አለቃው ግን አረማመዴን አይቶ ከሰልፍ አወጣኝ። ቅጣት መስሎኝ ጉልበቴ ራደ።

«የት አገር ልጅ ነህ?»

«ወሎ፣ ደሴ።»

«እኔ የወረኢሉ ነኝ። አብሽር፣ ቁጭ በል።»

ያቺን «አብሽር» ስሰማ እንባዬ መጣ። ከኮዳው ውሃ አፍስሶ ካልሲውን ቀስ አድርጎ አራሰው። የደረቀውን ደም ሳያስለቅቅ አልጎተተውም። የቆዳውን ልጣጭ እንዳልነካው ከለከለኝ፣ አጥቦ አደረቀው። ከዚያ ንጹሕ ካልሲ ገልብጦ አለበሰኝ፤ ስፌቱ ጣቴን እንዳይፈትገው ነው። በደህናው ጊዜ ደግሞ ደረቅ ሳሙና ተረከዙ ላይ እንዳሽበት አሳየኝ። ሐኪም ከሆንኩ በኋላ ስለ እግር ቁስል ብዙ አንብቤያለሁ። እንደዚያ አድርጎ ያስተማረኝ ግን የለም።

«ለምን አልተናገርክም?» አለኝ።

«ፈሪ እንዳልባል።»

«እግሩን የደበቀ ወታደር ነገ በጓዱ ትከሻ ነው የሚሄደው» አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ያየውን ነው የነገረኝ።

እኔ ተማርኩ። ጎኔ የሚተኛው የደላንታ ልጅ ግን ገና ነበር። ሁለት ሳምንት አልፎን ነበር፤ በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። «ምን ሆነሃል?» ስለው «ምንም፣ በርዶኝ ነው» ይላል። አመንኩት። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በሦስተኛው ሌሊት እናቱን እየጠራ መቀባጠር ጀመረ። ለአራት ተሸክመን የካምፑ ሕክምና ረዳት፣ ድሬሰሩ ጋ ወሰድነው። ወባ ነበር። ክሎሮኪን ተሰጠው፣ አላህ አተረፈው። ወባ ትንኟ በነከሰች ዕለት አይነሳም፤ ቢያንስ ሳምንት ያህል ይቆያል። ስለዚህ ወባ መሆኑን ሰው ቶሎ አይጠረጥርም። የደጋ ሰው አካል ደግሞ አልለመደውም፤ ሲይዘው ይጠናበታል። ቆላ ወርዳችሁ ካተኮሳችሁ፣ ያኑ ዕለት ተመርመሩ።

ሌላም የሚደበቅ ነገር አለ። ማታ ማታ ከብርድ ልብስ ሥር ለቅሶ ይሰማ ነበር። ጠዋት ግን ማንም አያነሳውም። አንዳንዱ ያፌዛል፤ የሚያፌዘውም ሌላ ቀን ያለቅሳል። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ድረስ ከመጣ ወዲህ ያከምኳቸው ልጆችም እንደዚያው ናቸው። የጥይት ቁስላቸውን ያሳዩኛል፤ እንቅልፍ ማጣታቸውን ይደብቁኛል። እናቶቻቸው ናቸው በር ላይ ጠብቀው በሹክሹክታ የሚነግሩኝ። ልጆቼ፣ እንቅልፍ ማጣትም ሕመም ነው፤ ለሐኪም ይነገራል። ጓደኛችሁ ሌሊት ሲያለቅስ ከሰማችሁ ደግሞ ጠዋት ሻይ ስትጠጡ አጠገቡ ተቀመጡ። ምንም ባትሉት እንኳ ይገባዋል።

ግንቦት 13 መንግሥቱ ኃይለማርያም ከአገር ወጣ፤ ካምፑም ተበተነ። ብዙ ተማሪ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ አቀና። እኔና የደላንታው ልጅ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሻሸመኔ ዞርን። ሃምሳ አለቃውን ፈልጌ አጣሁት፤ ከዚያ ወዲህም አላየሁትም። ከመነሳታችን በፊት ካልሲያችንን ገልብጠን ሳሙና አሸንበት። መንገድ ላይ ጓደኛዬ ገና አልጠነከረም ነበርና ቶሎ ቶሎ ይዝላል። «ደከመኝ» ይላል። ዛፍ ሥር ቁጭ እንላለን።