አማካያቸው እኩል የሆነ ሁለት ማሸጊያ ማሽኖች፣ ከአንዱ ብቻ የሚመጣ ቅሬታ

ጥያቄውን የላኩልኝ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ የሆኑ አንባቢ ናቸው። ፋብሪካው 50 ኪሎ ግራም የሚይዙ ከረጢቶችን የሚሞሉ ሁለት ማሽኖች አሉት። አንባቢው ከመጀመሪያው ማሽን 120፣ ከሁለተኛው ደግሞ 60 ከረጢቶች በ20 ግራም እየዘለለ በሚያነብ ዲጂታል ሚዛን መዝነው የሁለቱም አማካይ 50.03 ኪሎ ግራም ሆኖ አገኙት። ይሁን እንጂ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ከሚደርሰው ዱቄት ውስጥ ዳቦ ቤቶች «ጎድሎ መጣ» የሚሉት ሁልጊዜ የሁለተኛው ማሽን ነው። መረጃውን ኤክሴል ላይ አስገብተው ሂስቶግራም (ክብደቶቹን በምድብ ከፍሎ በየምድቡ ስንት ከረጢት እንዳለ በአምድ ቁመት የሚያሳይ ሥዕል) ሲያሠሩ የመጀመሪያው ማሽን ሥዕል እንደ ማበጠሪያ ወጣ ገባ ሆነ፤ የሁለተኛው ግን ቁመታቸው እምብዛም የማይለያይ አራት አምዶች ብቻ ነበሩት። «ታዲያ ሥዕሉ ከቅሬታው ጋር ለምን ተቃረነ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

የተቃረነው ሁለቱ ሥዕሎች በተለያየ መለኪያ ስለተሠሩ ነው። ኤክሴል የምድቡን ስፋት፣ ማለትም አንድ አምድ ከየት እስከ የት ያለውን ክብደት እንደሚሸፍን፣ በራሱ ሲመርጥ የመረጃውን ብዛትና መበታተን ተመልክቶ ስለሆነ፣ ክብደቱ በጣም ለሚዋዥቀው ማሽን ሰፊ ምድብ፣ ለማይዋዥቀው ደግሞ ጠባብ ምድብ ይሰጣል። በእርስዎ መረጃ ላይ ይህን ስሌት እኔም ሠርቼው ለሁለተኛው ማሽን 330 ግራም ገደማ፣ ለመጀመሪያው ግን 70 ግራም ገደማ ሰጠኝ። 330 ግራም ስፋት ባለው ምድብ ውስጥ የሁለተኛው ማሽን ጉድለት ሁሉ ተደብቆ ይቀራል። የመጀመሪያው ወጣ ገባነት ደግሞ ከማሽኑ ሳይሆን ከሚዛንዎ የመጣ ነው፤ ሚዛኑ በ20 ግራም ስለሚዘል በ70 ግራም ምድብ ውስጥ አንዴ ሦስት፣ አንዴ አራት ንባቦች ብቻ ይገባሉ፤ አራት የሚገባበት አምድም ያለ ምክንያት ይረዝማል። ስለዚህ የምድቡ ስፋት ምንጊዜም የሚዛኑ ዝላይ ብዜት መሆን አለበት።

ለሁለቱም ማሽኖች የ100 ግራም ምድብ እንዲጠቀሙ እመክራለሁ፤ 200 ግራም ቢያደርጉት የመጀመሪያው ማሽን ሦስት አምዶች ብቻ ይቀሩታል፣ 50 ግራም ቢያደርጉት ደግሞ የማበጠሪያው ችግር ይመለሳል። በምድቦች ወሰን ላይ የሚያርፍ ክብደት ወደ ላይኛው ምድብ ይግባ፤ ማለትም ልክ 50.0 የመዘነ ከረጢት «ከ50.0 ጀምሮ ከ50.1 በታች» በሚለው ውስጥ ይቆጠራል። ለዚህ ያህል መረጃ ኮምፒውተርም አያስፈልግም፤ ባለ ካሬ ደብተር ላይ በሰረዝ እየቆጠሩ በግማሽ ሰዓት ይጨርሱታል።

የላኩትን ቁጥር በዚሁ መንገድ ቆጥሬዋለሁ። የመጀመሪያው ማሽን ከ49.8 ተነሥቶ በየ100 ግራሙ 9፣ 36፣ 45፣ 22 እና 8 ከረጢቶች አሉት፤ መሐሉ ከፍ ብሎ ወደ ሁለቱም ጎን የሚወርድ አንድ ጉብታ ነው። ሁለተኛው ከ49.4 ተነሥቶ 2፣ 5፣ 9፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 9፣ 4 እና 2 ነው። ይህንን ቀስ ብለው ይመልከቱት፤ ሁለት ጉብታ አለ፣ አማካዩ የሚያርፍበት ምድብ ላይ ደግሞ አንድ ከረጢት ብቻ ተገኝቷል። አማካዩ 50.03 ነው የተባለው ማሽን ያንን ክብደት ከሞላ ጎደል አይሞላም ማለት ነው።

ብዛታቸው የተለያየ ስለሆነ አምዶቹን በቁጥር ሳይሆን በመቶኛ ያነጻጽሩ። የመጀመሪያው ከፍተኛ አምድ 37.5 በመቶ ሲይዝ የሁለተኛው ሁለት ከፍተኛ አምዶች እያንዳንዳቸው 15 በመቶ ይይዛሉ። ከ49.8 በታች የወረዱት ከመጀመሪያው አንድም የሉም፤ ከሁለተኛው ግን ከ60ው 24፣ ማለትም 40 በመቶ ናቸው። የዳቦ ቤቶቹ ቅሬታ እውነት ነው።

ሁለት ጉብታ ሲታይ መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው የሁለት ዓይነት ሥራ መቀላቀል ነው። ከ60ዎቹ ግማሹን በቀን፣ ግማሹን በሌሊት ፈረቃ እንደመዘኑ ጽፈዋል፤ ስለዚህ ለየፈረቃው የተለየ ሂስቶግራም ይሥሩ። እያንዳንዱ ፈረቃ አንድ ጠባብ ጉብታ ከሰጠ ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ የሚለዋወጠው በፈረቃ ርክክብ ላይ የሚደረገው ማስተካከያ ነው። ያን ጊዜ ማሽኑ ከጠቅላላው የሚቀንሰውን የባዶ ከረጢት ክብደት ማን፣ መቼ፣ በምን ዓይነት ከረጢት እንደሚያስተካክል ቆመው ይዩ። በአንድ ፈረቃ ውስጥም ሁለቱ ጉብታ ካልጠፋ፣ ማሽኑ ሁለት መሙያ አፍ ካለው ከየአፉ የወጡትን ለይተው ይመዝኑ።

እስከዚያ ድረስ ግን ቅሬታውን ለማስቆም ሲባል የማሽኑን መሙያ መጠን ከፍ እንዳያደርጉ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ዝቅተኛው ከረጢት 49.8 እንዲደርስ ሁሉንም በ400 ግራም ቢያሳድጉ፣ በ1,000 ከረጢት 400 ኪሎ ግራም ዱቄት፣ ማለትም ስምንት ሙሉ ከረጢት ያለ ክፍያ ይወጣል፤ ሁለቱ ጉብታዎችም እንደተራራቁ ይቀራሉ።

ስለ መጀመሪያው ማሽን አንድ ነገር ልጨምር። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት ፋብሪካ የክብደት ሂስቶግራማችን በግራ በኩል በቢላ የተቆረጠ ይመስል ነበር፤ ከዝቅተኛው ወሰን በላይ ረጅም አምድ፣ ከበታቹ ምንም። ወርጄ ሳይ አንድ ሠራተኛ የጎደለውን ከረጢት ከመመዝገቡ በፊት በጣሳ እየጨመረ ይሞላ ነበር። ልጁ የሠራው በቅንነት ነው፣ እኛ ግን የማሽኑን ችግር ለወራት ሳናይ ቆየን። የእርስዎ መጀመሪያ ማሽን ከ49.8 በታች ባዶ ቢሆንም በግራ 9፣ በቀኝ 8 ሆኖ በሁለቱም በኩል በእርጋታ ስለሚወርድ ይህ ምልክት አይታይበትም። ቢሆንም ሠራተኞቹን በለሆሳስ ይጠይቋቸው።

ሂስቶግራም የማያሳየው ነገር ጊዜን ነው፤ የትኛው ከረጢት ከየትኛው በፊት እንደተሞላ ከሥዕሉ አይነበብም። በሚቀጥለው ሳምንት በየሰዓቱ አምስት ተከታታይ ከረጢቶችን ከማሽኑ እንደወጡ፣ ማንም ሳይነካቸው ይመዝኑ፤ ከክብደቱ ጎን ሰዓቱን፣ ፈረቃውን፣ የኦፕሬተሩን ስምና የመሙያ አፉን ይጻፉ። ያንን ቢልኩልኝ በፈረቃና በአፍ ከፋፍዬ አየዋለሁ።